የቀን ሒሳብ፦ አንድ ድራክማ

አቴንስ ውስጥ አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ በቆመው ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ፣ በፓርተኖን ላይ፣ ቀጥ ያለ መስመር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ዓምዶቹ የቆሙበት ወለል መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው፤ በጠባቡ ፊት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በረጅሙ ጎን ደግሞ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሕንፃው 69.5 ሜትር ርዝመትና 31 ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ ይህን ያህል ጉብታ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። ማዕዘኑ ጋ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የደረጃውን ጠርዝ ይዞ ወደዚያኛው ጫፍ ያነጣጠረ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል፤ መሐሉ ተነሥቶ ይጋርደዋል። ዓምዶቹም ቱንቢ ቢጣልባቸው ቀጥ ብለው አይገኙም፤ ሁሉም ወደ ውስጥ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘነብላሉ። የአራቱ ማዕዘን ዓምዶች ከሌሎቹ በጥቂቱ ይወፍራሉ። እያንዳንዱ ዓምድ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይቀጥናል፤ አቀጣጠኑም ቢሆን 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የሆድ ጉብታ አለበት።

ሥራዬ ግንባታ ነው። ዕድሜዬን ሳይት ላይ ያሳለፍኩት ከውሃ ልክ፣ ከቱንቢና ከሲባጎ ጋር ነው። እኛ ጋ በ70 ሜትር ወለል ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከመጣ ማንም አይከራከርም፤ ይፈርሳል። አቴንስ ሄጄ አክሮፖሊስ ላይ ያንን ጉብታ ከገመዱ ወዲህ ማዶ ቆሜ በዓይኔ ስለካው፣ ይህን ያህል ድንጋይ ሆን ብሎ ያጎበጠ ፎርማን ምን ዓይነት ሰው ነበር የሚል ጥያቄ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግሪክ ቤተ መቅደሶች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የቆየብኝ ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ስለ አማልክቱም ስለ ነገሥታቱም ከማንበብ ይልቅ ስለ ጠራቢዎቹ ማንበብ ይስበኛል።

ለምን አጎበጡት ለሚለው ብዙ መልስ ተሰጥቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ፣ ወለሉ ፍጹም ልክ ቢሆን ለዓይን መሐሉ የሰረጎደ ይመስላል ይላል። የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ነው የሚሉ አሉ። ሕንፃው ድንጋይ ብቻ እንዳይመስል፣ እንደሚተነፍስ ነገር ተወጥሮ እንዲታይ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ መጨረሻው አደላለሁ። ነገሩ የውሃ መውረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወለሉ ላይ በቃ ነበር፤ ጉብታው ግን ከዓምዶቹ በላይ ባለው አግዳሚ ድንጋይ ላይም ተደግሟል። ያን ያህል ከፍታ ድረስ ይዘውት የወጡት ለዓይን ብለው መሆን አለበት።

ከምክንያቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ያስከተለው ሥራ ነው። ወለሉ ከጎበጠ በላዩ የሚቀመጥ ምንም ነገር ቀጥ ያለ ሳጥን ሊሆን አይችልም። የዓምዱ የመጀመሪያ ድንጋይ ታችኛው ፊቱ የወለሉን ተዳፋት ተከትሎ፣ ግን ዓምዱ ወደ ውጭ እንዳይተኛ ይልቁንም ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ሆኖ በሰያፍ መቆረጥ አለበት። ያ ሰያፍ ዓምዱ መሐል ላይ ሲሆን አንድ ዓይነት ነው፣ ወደ ዳር ሲጠጋ ሌላ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ዓምዶች 46 ናቸው፤ በፊትና በኋላ ስምንት ስምንት፣ በጎንና በጎን ዐሥራ ሰባት ዐሥራ ሰባት፣ የማዕዘኖቹ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጥረው። እያንዳንዱ ዓምድ 10.4 ሜትር ቁመት አለው፤ የተሠራውም ከ10 እስከ 12 በሚደርሱ ክብ ድንጋዮች ነው። እንግዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር የሚለያዩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ብቻ ያላቸው። ከሰሜን በኩል ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያለውን ድንጋይ አንሥተህ ዐሥረኛው ላይ ብታስቀምጠው አይገጥምም። በአንድ ፎርም ሺህ ብሎኬት እያወጣን ለምንሠራ ሰዎች ይህን በሐሳብ እንኳ መከተል ያደክማል።

ይህ ሁሉ የተሠራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሥራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀመረ፤ በ438 የከተማዋ አምላክ የአቴና ሐውልት ውስጡ ቆመ፤ የቀረው የቅርጻ ቅርጽ ሥራ እስከ 432 ዘለቀ። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቲስ ናቸው፤ የቅርጻ ቅርጹ የበላይ ፊዲያስ፣ ከጀርባ ሆኖ ሕዝቡን ያሳመነው የከተማዋ መሪ ፔሪክሊስ።

ድንጋዩ የመጣው ከፔንቴሊኮን ተራራ ነው፤ ከአክሮፖሊስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጠራቢው የእብነ በረዱን የተፈጥሮ ስንጥቅ ያያል፤ በዚያ በኩል በመሮ ቦይ ያወጣል፤ ሽብልቅ ደርድሮ እየመታ ይፈነቅለዋል። ክብ ድንጋዩ እዚያው ተራራው ላይ ግምታዊ ቅርጹን ይይዛል፤ ከትክክለኛው መጠን ጥቂት ጣት ትርፍ ሥጋ ይተዉለታል፤ መንገድ ላይ ጠርዙ ቢላጥ ከዚያ ትርፍ እንዲሄድ። ከዚያ በሸርተቴ መንገድ በገመድ እየተያዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ በበሬ ይጎተታል። ከመቶ ዓመት በኋላ ከዚሁ ተራራ ወደ ኤሌውሲስ ስለተጓጓዙ የዓምድ ድንጋዮች የተጻፈ የወጪ መዝገብ ተገኝቷል። ለአንድ ድንጋይ ከ30 ጥማድ በላይ በሬ ይጠመድ ነበር፤ መንገዱም ሦስት ቀን ያህል ይወስድ ነበር። ይህን ሳነብ የበሬዎቹ ባለቤቶች ገበሬዎች መሆናቸው ትዝ ይለኛል፤ ሥራው የሚሄደው እርሻ በማይኖርበት ወራት መሆን አለበት።

የፓርተኖን አንድ የዓምድ ድንጋይ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ጎኑ ላይ አራት ጉጦች ይተዉለታል፤ ገመድ የሚታሰረው በእነሱ ነው። በጠምዛዣና በመዘውር ተነሥቶ ከታችኛው ላይ ከመቀመጡ በፊት ግን የሁለቱ ድንጋዮች ፊት መገናኘት አለበት፤ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፊቱን በሙሉ አያለሰልሱትም። መሐሉን በጥቂቱ ጎድጎድ አድርገው ሻካራ ይተዉታል፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ያለውን ክፍል ብቻ ፍጹም አስተካክለው ይፍቁታል። እንዲህ ሲሆን ድንጋዩ ከድንጋይ የሚነካካው በዳሩ ነው፤ ከውጭ የሚታየውም መጋጠሚያ ዳሩ ነው። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የእንጨት ማገጃ ይገባበታል፣ በማገጃው መሐል ክብ የእንጨት ምስማር ይሰካል። ምስማሩ ላይኛውን ድንጋይ ከታችኛው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ይይዘዋል። በእድሳት ጊዜ ዓምዶች ሲፈቱ እንጨቱ ከዚያን ዘመን ጀምሮ ሳይበሰብስ የተገኘበት ጊዜ አለ። ይህ የሆነው መጋጠሚያው አየርም ውሃም ስለማያስገባ ነው። ሞርታር የሚባል ነገር የለም። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ፀጉር አይገባም።

ፊቱ መስተካከሉን እንዴት ያውቁ እንደነበር የሚነግረን ደግሞ አንድ የሥራ ውል ነው። ቦኦቲያ ውስጥ ሌባዴያ በምትባል ከተማ ለዜውስ ቤተ መቅደስ የተዋዋሉት ውል ድንጋይ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ አለ። ኮንትራክተሩ መለኪያውን ቀይ አፈር ቀብቶ ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ቀዩ የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው ማለት ስለሆነ ይፋቃል፤ እንደገና ይቀባል፤ እንደገና ይፋቃል። ደህና ድንጋይ ያበላሸ በራሱ ወጪ ሌላ ይተካል። ይህንን ውል ሳነበው ከእኛ የውል ሰነዶች ጋር ያለው ዝምድና ደስ አሰኝቶኛል፤ ልዩነቱ የእነሱ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲነበብ በአደባባይ መቆሙ ነው።

የዓምዱ ሽንትሮች፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱት 20 ቦዮች፣ የሚቀረጹት ዓምዱ ከቆመ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ከታች ጥቂትና ከላይ አንገቱ ላይ ጥቂት ብቻ ነው፤ የቀረው ሁለቱን ጫፎች በክር እያገናኙ ይወርዳል። ፓርተኖን በተሠራበት፣ ዶሪክ በሚባለው የዓምድ አሠራር ሥርዓት ሁለት ቦዮች የሚገናኙበት ጠርዝ እንደ ቢላ ስለታም ነው። ያን ጊዜ ሕንፃው ቆሟል፣ ጣሪያው ገብቷል፣ ወጪው ወጥቷል፤ አንድ መሮ ቢስት የሚተካ ድንጋይ የለም።

ይህ ሥራ ሳይሠራ የቀረባቸው ቤተ መቅደሶች ከተጨረሱት ይልቅ ብዙ ያስተምራሉ። ሲሲሊ ውስጥ ሰጌስታ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ ዓምዶቹ እንደ ቆሙ፣ ሽንትር የሌላቸው ሆነው፣ የደረጃው ድንጋዮች ማንሻ ጉጦች እንኳ ሳይፋቁ እስከ ዛሬ አሉ። አቲካ ውስጥ ራምኑስ ላይ ያለው የኔሜሲስ ቤተ መቅደስም እንዲሁ ሳይጨረስ ቀርቷል። በእሱ ውስጥ የነበረውን ሐውልት የሠራው የፊዲያስ ተማሪ አጎራክሪቶስ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በቦታው ያለፈው ተጓዥ ፓውሳኒያስ፣ ሐውልቱ በእጁ የያዘው ጽዋ ላይ ኢትዮጵያውያን ተቀርጸው እንደነበር ጽፏል፤ ለምን እዚያ እንደተቀረጹ ለእሱም አልገባውም። ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ነው። ቢሆንም ያ ጽዋ ዛሬ ቢገኝ እያልኩ እመኛለሁ።

ስለ ዶሪክ ሥርዓት ሲነሣ የድንጋዩን የእንጨት አመጣጥ ማለፍ አይቻልም። ከዓምዶቹ በላይ ባለው መቀነት ላይ ሦስት ሦስት ቋሚ መስመር ያላቸው ሰሌዳዎች ይደረደራሉ፤ ትሪግሊፍ ይባላሉ። ከሥራቸው ደግሞ ትንንሽ ጠብታ የመሰሉ ጉጦች አሉ። እነዚህ ጠብታዎች ድንጋይ ላይ ሆነው ምንም አይይዙም፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት የእንጨት ማሰሪያ ምስማሮች ትውስታ ናቸው ይላሉ፤ ትሪግሊፉም የጣሪያ አግዳሚ ጫፍ። ማስረጃው ኦሊምፒያ ላይ ያለው የሄራ ቤተ መቅደስ ነው፤ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ ነው። ዓምዶቹ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም፤ ውፍረታቸው ይለያያል፣ የአናታቸው ቅርጽ ይለያያል። መጀመሪያ ሁሉም እንጨት ነበሩ፤ አንዱ ሲበሰብስ በዘመኑ ፋሽን በድንጋይ እየተተካ ሄደ። ያው ፓውሳኒያስ ሲያልፍ፣ ቤተ መቅደሱ ከተሠራ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከኋላ በኩል አንድ የባሉጥ ዛፍ ዓምድ ገና ቆሞ አይቷል።

እንጨቱ ወደ ድንጋይ ሲዞር አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ ግሪክ አርክቴክቶችን ለሁለት መቶ ዓመት አላስተኛቸውም ብል ማጋነን አይሆንም። ደንቡ ሁለት ነው። ትሪግሊፍ በእያንዳንዱ ዓምድ መሐል ትክክል ላይ ይቀመጣል፣ በሁለት ዓምዶች መካከልም አንድ ይቀመጣል። ማዕዘን ላይ ደግሞ ሁለት ትሪግሊፎች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው መጨረስ አለባቸው። ዓምዱ የሚሸከመው አግዳሚ ድንጋይ ከትሪግሊፉ ስለሚወፍር ሁለቱ ደንቦች ማዕዘን ላይ አብረው አይሄዱም፤ ወይ ትሪግሊፉ ከዓምዱ መሐል ወጥቶ ወደ ዳር ይገፋል፣ ወይ ማዕዘኑ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። መፍትሔው የማዕዘኑን ዓምድ ወደ ውስጥ ማምጣት ሆነ። ፓርተኖን ላይ በዓምድና በዓምድ መሐል ያለው ርቀት፣ ከዘንግ እስከ ዘንግ፣ 4.3 ሜትር ገደማ ሲሆን ማዕዘኑ ላይ ግን 3.7 ሜትር ገደማ ነው። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ጠቦ እንኳ ያየ ሰው ጉድለት አይመስለውም፤ እንዲያውም ሕንፃው ማዕዘኑን ጨብጦ የያዘ ይመስላል። ችግሩን ወደ ጥንካሬ የለወጡበት መንገድ ከሁሉ በላይ የምወደው ነው። ሁሉም ግን አልወደደውም፤ ቪትሩቪየስ በዚህ ችግር ምክንያት ዶሪክን ለቤተ መቅደስ አይሆንም ብለው የተዉ አርክቴክቶች እንደነበሩ ያነሣል።

ይህን ሁሉ በምን ፕላን ሠሩት? በመጠን የተቀነሰ የወረቀት ፕላን እንደ ዛሬው አልነበራቸውም። ለረጅም ጊዜ ሰው ሁሉ የሚገምተው በቃል፣ በጽሑፍ መመሪያና በናሙና ይሠሩ ነበር ብሎ ነው። በ1979 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ተመራማሪ ሎታር ሃሰልበርገር ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለው በዲዲማ የአፖሎ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ፀሐይ በገደድ ስትመታው ቀጫጭን ጭረቶች አየ። ተጠንተው ሲወጡ የሕንፃው የራሱ ሥዕሎች ሆነው ተገኙ፤ በመሮ ጫፍ የተጫሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ፣ ብዙዎቹ በሙሉ መጠን። የዓምዱ መሠረት እዚያ አለ። የዓምዱ የሆድ ጉብታም አለ፤ እሱ ግን በብልሃት የተሣለ ነው። 20 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ዓምድ በሙሉ ቁመቱ ግድግዳ ላይ ማንሣት ስለማይቻል ቁመቱን አጠር፣ ወርዱን በልኩ አድርገው ሥለውታል፤ ከዚያ ጠራቢው ለእያንዳንዱ ከፍታ ወርዱን በኮምፓስ ወስዶ ይሠራል። ሥዕሎቹ የተረፉት ሕንፃው ስላልተጨረሰ ነው። ግድግዳው በመጨረሻ ሲለሰልስ አብረው መጥፋት ነበረባቸው፤ ግድግዳው ሳይለሰልስ ቀረ። ፓርተኖን ላይም እንዲህ ያለ ሥዕል ኖሮ ይሆናል፤ ሥራው እስከ መጨረሻው ስለተጨረሰ ተፍቆ አልቋል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

ከፓርተኖን በስተ ሰሜን ኤሬክቴዮን አለ፤ በሴት ምስል የተሠሩ ዓምዶች ያሉት። የተጨረሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ409 እስከ 406 ባሉት ዓመታት ነው፤ አቴንስ ከስፓርታ ጋር ጦርነት ላይ ሆና፣ ሲሲሊ ላይ የላከችው ጦር አልቆ፣ ገንዘቧ ነጥፎ። የእነዚያ ዓመታት የክፍያ መዝገብ እብነ በረድ ላይ ተቀርጾ ነበር፤ ብዙ ቁራጩ ተገኝቷል። ማን ምን ሠራ፣ ስንት ተከፈለው፣ ከየት ሰፈር ነው፣ የማን ባሪያ ነው፣ ሁሉም ተጽፏል። ሁኔታቸው ከሚታወቀው 86 ሠራተኞች 24ቱ የአቴንስ ዜጎች፣ 42ቱ ከሌላ አገር መጥተው በከተማዋ የሚኖሩ፣ 20ዎቹ ባሪያዎች ናቸው። የቀን ሠራተኛ በቀን አንድ ድራክማ፣ የዘመኑን የብር ገንዘብ፣ ያገኛል። አርክቴክቱም ሒሳቡ በቀን አንድ ድራክማ ነው።

በዚህ መዝገብ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። የምሥራቁን በረንዳ ዓምዶች ሽንትር ያወጡት ቡድን ቡድን ሆነው ነው፤ በአንድ ዓምድ ላይ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሰው። ከእነሱ አንዱ ሲሚያስ ነው፤ አሎፔኬ በሚባል ሰፈር የሚኖር የውጭ ተወላጅ። ከራሱ ጋር ባሪያዎቹን አሰልፏል፤ ሲንድሮን፣ ሳኒዮን፣ ኤፒዬይኬስ፣ ሶሳንድሮስ። ጌታውና ባሪያዎቹ በአንድ ዓምድ ዙሪያ ቆመው ጎን ለጎን ቦይ ያወጣሉ፤ የተጻፈላቸውም ክፍያ ይቀራረባል። የባሪያው ድራክማ ወደ ጌታው ኪስ እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ ይህን ሸፍኖ ስለ እኩል ክፍያ ብቻ ማውራት ውሸት ይሆናል። ቢሆንም የሳኒዮን ስም ድንጋይ ላይ አለ። ከዚያ ዓምድ ላይ አንዱ ቦይ የእሱ ነው፤ ከጌታው ቦይም አይለይም። የመቀነቱ ምስሎችም ሒሳባቸው እንዲሁ ተጽፏል፤ ለአንድ የሰው ምስል 60 ድራክማ። «ጦሩን የያዘው ልጅ፣ 60» እንደሚል ያለ መስመር ነው። አንዳንዶቹ ምስሎች አክሮፖሊስ ሙዚየም ውስጥ አሉ።

ከግማሽ የሚጠጋው ሠራተኛ በአገሩ ያልነበረ ሰው መሆኑን በአረብ አገርም ሆነ በአውሮፓ ሳይት ላይ የሠራ አንባቢ በራሱ መንገድ ያነበዋል ብዬ አስባለሁ። እነዚያ 42 ሰዎች በከተማዋ ጉባኤ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም፤ መሬት የመግዛት መብትም በልዩ ፈቃድ ካልሆነ አልነበራቸውም። ዛሬ ዓለም «የአቴናውያን ሥራ» እያለ የሚያደንቀው ቤት ግን በእጃቸው ላይ አልፏል።

ገንዘቡስ? በፔሪክሊስ ዘመን ለአክሮፖሊስ ሥራ ከዋሉት ምንጮች አንዱ ከፋርስ ጥቃት ለመከላከል ተብሎ የተባበሩት ከተሞች የሚያዋጡት ግብር ነው። ግምጃ ቤቱ ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴንስ የመጣው በ454 ነው። ጥንታዊው የታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው የፔሪክሊስ ተቃዋሚዎች በጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ ለጦርነት በግድ የተዋጣ ገንዘብ ከተማችንን እንደ ኩሩ ሴት ማስጌጫ ሆነ ብለው ከሰውታል። ክሱ እውነት ነበረው። እኔ ያንን ቤት እወደዋለሁ፤ የናክሶስና የታሶስ ሰዎች ግን ከኅብረቱ ልውጣ ብለው በጦር ተገድደው የተመለሱ ናቸው፤ ውበቱ የእነሱንም ግብር በልቷል። ሁለቱን አብሬ ነው የምይዘው።

ቤተ መቅደሱ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚጸልይበት አዳራሽ አልነበረም። ውስጡ የጣዖቱ ማደሪያ ነው፤ መሥዋዕቱ የሚታረደው ውጭ፣ በመሠዊያው ላይ ነው። ለዚህ ነው ድካሙ ሁሉ ወደ ውጭ የዞረው። ለሰው የተሠሩት ሌሎቹ ናቸው፤ ስቶአ የሚባለው ዓምድ የተደረደረበት ረጅም በረንዳ፣ የምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ቲያትሩ። በአቴንስ ገበያ አደባባይ የጴርጋሞኑ ንጉሥ ሁለተኛው አታሎስ ያሠራው ስቶአ በ1950ዎቹ በአሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶች እንደገና ተገንብቶ ቆሟል፤ 115 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የውጭውን ዓምዶች ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ የታችኛው ሲሶ ሽንትር የለውም፣ ልሙጥ ነው። እዚያ ሰው ይደገፋል፣ ዕቃ ይጎተታል፣ ልጅ ይሮጣል፤ ስለታሙ ጠርዝ እዚያ ከፍታ ላይ ቢኖር በዓመቱ ይሰባበር ነበር። ኤፒዳውሮስ ቲያትር ላይ ደግሞ የመቀመጫው ድንጋይ ከፊቱ በታች ጎድጎድ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ከኋላ ያለው ሰው ሲያልፍ እግርህን ወደ ውስጥ እንድትሰበስብ። በድምፁ ጥራት ዓለም ያወቀውን ቲያትር እኔ ለዚያች ጎድጓድ ብዬ ሄጄ ባየው ደስ ይለኛል።

ሐዋርያው ጳውሎስ አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ እግዚአብሔር እጅ በሠራው መቅደስ አይኖርም ብሎ ሲናገር፣ ያቺ ዐለት ከአክሮፖሊስ ግርጌ ናት፤ ፓርተኖን ከራሱ በላይ፣ ወደ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ይዞ፣ ከነጣሪያው ቆሞ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17ን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ተናጋሪው ቀና ቢል ምን ያይ እንደነበር ያወቅኩት ግን ቦታው ላይ ነው። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ ያው ቤት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በምሥራቁ በኩል የነበረው ዋናው በር ተዘግቶ መቅደስ ተሠራበት፤ መግቢያው ወደ ምዕራብ ዞረ። ዓምዶቹ ላይ ክርስቲያኖች የጫሯቸው ከ200 የሚበልጡ ጸሎቶችና የሙታን መታሰቢያዎች ተቆጥረዋል። ለቤተ ክርስቲያንነት ያገለገለበት ዘመን ለአቴና ካገለገለበት ብዙም አያንስም፤ ይህን ከጉብኝት ወረቀቶች ላይ በአንድ መስመር ሲያልፉት ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ መስጊድ ሆነ። መስከረም 26 ቀን 1687 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቬኒሳውያን ከተማዋን ሲከቡ፣ ኦቶማኖች ባሩድ ያከማቹበትን ይህን ሕንፃ በመድፍ መቱት። ሁለት ሺህ ዓመት የቆመው መሐሉ ተበጥሶ ወደቀ። ከ1801 ጀምሮ የእንግሊዙ አምባሳደር የሎርድ ኤልጊን ሰዎች ከቀረው ቅርጻ ቅርጽ ብዙውን ነቅለው ወሰዱ፤ 160 ሜትር ከነበረው የመቀነት ቅርጽ 75 ሜትር ያህሉ ለንደን ነው። መመለስ አለበት።

ከባሩዱ ቀጥሎ ብዙ የጎዳው ግን የጥገና ብረት ነው። የጥንቶቹ ሠራተኞች ድንጋይን ከድንጋይ በብረት ሲያያይዙ ዙሪያውን የቀለጠ እርሳስ ያፈሱበታል፤ እርሳሱ ውሃ አያስገባም፣ መሬት ሲንቀጠቀጥም ይለዝባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእድሳቱ መሐንዲስ ኒኮላኦስ ባላኖስ የወደቁትን ዓምዶች ሲያነሣ ብረቱን ያለ እርሳስ ቀበረው። ፌሮ በቀጭን አርማታ ውስጥ ሲዝግ ኮለኑን እንደሚፈነዳ ሳይት ላይ የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ እዚያም የሆነው ይኸው ነው፤ የዛገው ብረት አብጦ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። ባላኖስ የተሰበረውን የጥንት ድንጋይ ፊት ቀጥ አድርጎ ይቆርጥም ነበር፣ አዲሱ እንዲገጥም። ድንጋዮቹንም ተመሳሳይ ከመሰሉት ቦታ ላይ አስቀምጧቸዋል።

በ1975 የተቋቋመው የአክሮፖሊስ ጥበቃ ኮሚቴ ይህን ሁሉ ሲፈታ ነው የኖረው። ብረቱ በቲታኒየም ተተካ። የጥንቱ ድንጋይ አንድ ሚሊ ሜትር አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው አዲሱ ነው፤ ከፔንቴሊኮን አምጥተው የስብራቱን ጉብታና ጉድጓድ ነጥብ በነጥብ እየለኩ፣ እንደ ተሰበረው ፊት ተገላቢጦሽ አድርገው ይጠርቡታል። የእድሳቱ አርክቴክት ማኖሊስ ኮሬስና ባልደረቦቹ የእያንዳንዱን ድንጋይ የማያያዣ ጉድጓድ ርቀት፣ የፊቱን ሰያፍ፣ የጎኑን ዝንባሌ እየለኩ የት እንደነበረ አወቁ፤ ያ ከሃያ አራት መቶ ዓመት በፊት የተቆረጠ ሰያፍ አድራሻ ሆኖ አገለገለ። ቦታው ተሳስቶ የነበረው ድንጋይ ወርዶ ወደ ራሱ ቦታ ሄዷል። ይህን የሚሠሩት ጠራቢዎች ብዙዎቹ ከቲኖስ ደሴት የመጡ ናቸው፤ እዚያ ፒርጎስ በምትባል መንደር እብነ በረድ መጥረብ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ።